«ኮሌጅ እገባለሁ» ስንት ያወጣል?

በ2008 ኒውዮርክ ያንኪስ የሚባለው የአሜሪካ ቤዝቦል ክለብ ጌሪት ኮል የሚባል የ17 ዓመት የካሊፎርኒያ ልጅ በድራፍቱ (ክለቦች ወጣቶችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) በመጀመሪያው ዙር መረጠ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ልጁ ኳስ ወርዋሪ ነው፣ ክንዱ ጉድ ነው። ያንኪስ ደግሞ ያንኪስ ነው። ቤዝቦል አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳን ኮፍያውን ያውቀዋል። ልጁ ግን አልፈርምም አለ። ዩሲኤልኤ ገብቼ እማራለሁ ብሎ ሄደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ፒትስበርግ ፓይሬትስ ከሁሉም በፊት አንደኛ አድርጎ መረጠውና 8 ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ከፈለው። በ2019 መጨረሻ ላይ ያው እምቢ ያለው ያንኪስ ተመልሶ መጣ። በ9 ዓመት 324 ሚሊዮን ዶላር።

ይህን የሰማ ወላጅ፣ በተለይ የኛ ሰው፣ ወዲያው «አላልኩም! መጀመሪያ ትምህርት!» ማለቱ አይቀርም።

ቆይ ግን። ክሌይተን ከርሾው የሚባል የቴክሳስ ልጅ አለ። እሱም ወርዋሪ ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ቃል ገብቶ ነበር። በ2006 ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሰባተኛ አድርጎ ሲመርጠው 2.3 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ፈረመ፣ ኮሌጁንም እዚያው ተወው። በ20 ዓመቱ ዋናው ሊግ ገባ። የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚያገኘውን የሳይ ያንግ ሽልማት ሦስት ጊዜ ወሰደ። የኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጥ ማለት ነው።

ታዲያ ማን ነው ትክክል? ሁለቱም። የአሜሪካ ክለቦች «ከሃይስኩል እንምረጥ ወይስ ከኮሌጅ?» እያሉ ከ60 ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ችሎታ ይመስላል። ለኔ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። የሃይስኩሉ ልጅ እጁ ላይ አንድ ካርድ አለ፦ «አልፈርምም፣ ኮሌጅ እገባለሁ» ማለት ይችላል። ይቺ ቃል ዋጋ አላት፣ ኮሌጁን ሳይገባበት ቢቀር እንኳን። ከሃይስኩልና ከኮሌጅ የቱ ይሻላል የሚለውን ለመረዳት መጀመሪያ ይቺን ካርድ መረዳት ያስፈልጋል።

ድራፍት ስል ቢራውን አይደለም። እግር ኳስ ለለመደ ሰው ነገሩ ትንሽ ግራ ያጋባል። ቡናና ጊዮርጊስ አንድ ልጅ ቢፈልጉ ሁለቱም ይሄዳሉ፣ ይደራደራሉ፣ ልጁ የተሻለውን ይመርጣል። የአሜሪካ ቤዝቦል እንዲህ አይደለም። 30 ክለቦች ተራ በተራ ልጆችን ይጠራሉ። አንድ ክለብ ስምህን ከጠራ ከሌላ ክለብ ጋር መደራደር የለም። ወይ ከሱ ጋር ትስማማለህ፣ ወይ ትተህ ትሄዳለህ። ቅድሚያ የሚያገኙት ባለፈው ዓመት የተሸነፉት ናቸው። ከ2023 ወዲህ ግን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቦታዎች በዕጣ ነው የሚወጡት፤ ክለቦች ሆን ብለው እንዳይሸነፉ ተብሎ። ዙሩ አሁን 20 ነው፣ በአጠቃላይ ከ600 በላይ ልጆች ይመረጣሉ። ድሮ 50 ዙር ነበር፣ ከዚያ በፊትም ከ50 የሚያልፍበት ጊዜ ነበር፣ አጎታቸውን ለማስደሰት የተመረጡ ልጆች ሁሉ ነበሩበት። ግን አንዳንዴም ጉድ ይወጣ ነበር። ማይክ ፒያዛ በ1988 በ62ኛው ዙር ተመርጦ ዛሬ የዝና አዳራሽ ውስጥ ነው።

የተጀመረው በ1965 ነው። ለምን ብትሉ፣ በብር ምክንያት። ከዚያ በፊት ልጆቹ እንደኛው እግር ኳስ ለፈለጉት ክለብ ይፈርሙ ነበር፣ ክለቦቹም እየተሻሙ ዋጋ ያስወድዱ ነበር። በ1964 ሪክ ራይካርት የሚባል የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ልጅ ለኤንጅልስ በ205 ሺህ ዶላር ፈረመ። በዚያን ጊዜ ይሄ የማይታመን ብር ነው። ባለቤቶቹ ደነገጡ። በዓመቱ ድራፍቱ መጣ። የመጀመሪያው ተመራጭ ሪክ መንደይ፣ እሱም የኮሌጅ ልጅ፣ የፈረመው በዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ፍትሐዊ ውድድር ምናምን ይባላል እንጂ ድራፍቱ የተሠራው የልጆቹን ዋጋ ለማውረድ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ማን ነው የሚመረጠው? አሜሪካ፣ ካናዳና ፖርቶ ሪኮ የሚኖር ልጅ። ዶሚኒካን ሪፐብሊክና ቬንዝዌላ ያሉት በሌላ ሥርዓት በ16 ዓመታቸው ይፈርማሉ፣ ያ የራሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ቨርጂኒያ ወይ ሜሪላንድ ያደገ የኛ ልጅ ግን፣ የትም ይወለድ የት፣ ሃይስኩሉን እዚያ ከተማረ በድራፍቱ ነው የሚያልፈው።

በሩ ሦስት ነው። አንደኛው ሃይስኩል ጨርሶ ኮሌጅ ሳይገባ። ሁለተኛው የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ እዚያ ያለ ልጅ በየዓመቱ መመረጥ ይችላል። ሦስተኛው የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚህ ከገባህ ሦስተኛ ዓመትህን እስክትጨርስ ወይ 21 ዓመት እስኪሞላህ ማንም አይነካህም። ልብ በሉ፣ ቅርጫት ኳስ የሃይስኩል ልጆችን በሩን ዘግቶባቸዋል፤ የአሜሪካ ፉትቦል ደግሞ ከሃይስኩል በኋላ ሦስት ዓመት ጠብቅ ይላል። ቤዝቦል ግን በ18 ዓመት ይከፍትልሃል፣ ካልገባህ ለሦስት ዓመት ይዘጋብሃል። ድርድሩን ሁሉ የሚያጦዘው ይሄ መዝጊያ ነው።

አሁን ክለቡን እንሁን። አዲስ አበባ ቤት የፈለገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ያለቀ አፓርታማ ትገዛለህ ወይስ ገና ጉድጓዱ የተቆፈረውን በፕላን? ያለቀው ውድ ነው፣ ግን ግድግዳውን መታህ፣ ቧንቧውን ከፍተህ አየህ። በፕላን የሚሸጠው ሥዕሉ ያምራል፣ ካለቀ ዋጋው እጥፍ ይሆናል፣ ካላለቀ ደግሞ ሥዕሉን ይዘህ ትቀራለህ። የኮሌጁ ልጅ ያለቀ ቤት ነው። ከሞላ ጎደል። የሃይስኩሉ ልጅ በፕላን ነው።

ለምንድን ነው የሃይስኩሉን ልጅ ማንበብ የሚከብደው? አንደኛ፣ የሚጫወተው ከማን ጋር ነው? በሳምንት ሁለት ቀን ይገጥማል፤ የሚወረውርለት ልጅ ነገ የጥርስ ሐኪም የሚሆን ነው። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ኳስ እየመታ የሚያድር ልጅ 155 ሲመጣበት ምን ይሆናል? አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ሃይስኩልም ኮሌጅም የሚመታው በብረት ዱላ ነው፣ በአሉሚኒየም። ፕሮፌሽናሉ በእንጨት ነው። ብረቱ ስህተትን ይሸፍናል፣ እንጨቱ ይሰበራል፣ ያሳጣል። ሦስተኛ፣ ሰውነቱ። የ17 ዓመት ልጅ ገና ያድጋል፣ ይወፍራል፣ ይፈጥናል ወይ ይዘገያል። መልማዩ ልጁን ሲያይ አባቱንም በዓይኑ ይለካል፣ ትከሻው ስንት ነው ብሎ። ቀልድ አይደለም፣ ሥራቸው ነው።

ማይክ ትራውትን አስቡት። ኒው ጀርሲ ነው ያደገው። እዚያ ጸደዩ ብርድ ነው፣ ጨዋታ ይሰረዛል፣ መልማዮች ሞቃት ክልሎችን ነው የሚያዘወትሩት። በ2009 24 ልጆች ቀድመውት ተጠሩ፣ 25ኛ ላይ ኤንጅልስ ወሰደው። ገና 17 ዓመቱ ነበር። በኋላ የሊጉ ኮከብ ተጫዋችነትን ሦስት ጊዜ ወሰደ። ክለቦች ከዚህ የተማሩት አንድ ነገር ዕድሜን በወር መቁጠር ነው። ሁለት ልጆች እኩል ቢጫወቱ፣ አንዱ 17 ዓመት ከአስር ወር ሌላው 19 ቢሆን፣ እኩል አይደሉም። ትንሹ ይበልጣል።

የኮሌጁ ልጅ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ታይቷል። ጠንካራ ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ምድብ) ውስጥ ከሆነ የገጠማቸው ወርዋሪዎች ግማሾቹ ራሳቸው ተመራጮች ናቸው። በጋውን ማሳቹሴትስ ባሕር ዳር ያለው የኬፕ ኮድ ሊግ ሄዶ በእንጨት ዱላ ተፈትኗል። ቁጥሩ አለ። ፖል ስኪንስ ጥሩ ምሳሌ ነው። መጀመሪያ የአየር ኃይል አካዳሚ፣ ከዚያ የሉዊዚያና ዩኒቨርሲቲው ኤልኤስዩ፣ በ2023 አንደኛ ተመራጭ፣ 9.2 ሚሊዮን ዶላር፣ ዓመት ሳይሞላው በግንቦት 2024 ዋናው ሊግ ላይ ወረወረ። በ2025 የሳይ ያንግ ሽልማት። ከሃይስኩል የወጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ቶሎ አይደርስም። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት ታችኛው ሊግ ላይ መቀቀል አለበት።

እዚህ ላይ ወርዋሪና መቺን ለይቶ ማየት ግድ ነው። የሃይስኩል ወርዋሪ ማለት በድራፍቱ ውስጥ ከሁሉም አደገኛው ዕቃ ነው። ክርን አለ፣ ትከሻ አለ፣ ክርኑ ውስጥ አንዲት ጅማት አለች። ይቺ ጅማት ከተበጠሰች ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ዓመት ከምናምን ቁጭ። ከ1965 እስከ 2025 ድረስ አንደኛ ሆነው የተመረጡ የሃይስኩል ወርዋሪዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስቱም ግራኝ ናቸው። ቀኝ እጁ ሆኖ ከሃይስኩል አንደኛ የተመረጠ ወርዋሪ አንድም የለም።

ሦስቱ ምን ሆኑ? ዴቪድ ክላይድ፣ 1973፣ ቴክሳስ ሬንጀርስ። ክለቡ ተመልካች አጥቶ ነበርና የ18 ዓመቱን ልጅ ከሃይስኩል አውጥቶ በቀጥታ ዋናው ሊግ ላይ አቆመው። የመጀመሪያው ቀን ስታዲየሙ ሞላ፣ ከ35 ሺህ ሰው በላይ ገባ። ትኬቱ ተሸጠ፣ ልጁ ግን ሳይበስል ተበላ፤ ክንዱም ሥራውም አልዘለቀም። ብራየን ቴይለር፣ 1991፣ ያንኪስ። ቤተሰቡ ቀላል ተደራዳሪ አልነበረም፣ 1.55 ሚሊዮን ዶላር አስከፈሉ፣ ለዚያ ጊዜ ክብረ ወሰን ነው። በ1993 ታኅሣሥ ላይ ጠብ ውስጥ ገብቶ ትከሻው ተጎዳ። ዋናውን ሊግ ሳያይ ቀረ። ሦስተኛው ብሬዲ ኤይከን ነው፣ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ፤ የሱ ታሪክ ብቻውን ድራፍቱን ሁሉ ያስረዳል።

«እንግዲያው ኮሌጅ ነው የሚሻለው» የሚል ሰው አሁን ይነሳል። ተነስተውም ያውቃሉ። ቢል ጄምስ የሚባለው የቤዝቦል ቁጥር አዋቂ በ1980ዎቹ ተመራጮችን ቆጥሮ የኮሌጅ ልጆች ለክለቡ የበለጠ ያተርፋሉ ብሎ ጻፈ። ክለቦች ለረጅም ጊዜ አልሰሙትም። ምሳሌውም ሞልቷል። በ1966 ሜትስ ስቲቭ ቺልኮት የሚባል የሃይስኩል ልጅ አንደኛ መረጠ፣ ሁለተኛ የተመረጠው የአሪዞና ስቴቱ ሬጂ ጃክሰን ነበር። ቺልኮት ትከሻው ተጎድቶ ዋናውን ሊግ ሳይረግጥ ቀረ። ጃክሰን 563 ሆምረን (ኳሷን ከሜዳ ውጭ የሚያወጣ ምት) መታ። በ2004 ሳንዲዬጎ ፓድሬስ ዋጋው ስለረከሰለት የሰፈሩን የሃይስኩል ልጅ ማት ቡሽን በ3.15 ሚሊዮን ወሰደ፣ ዲትሮይት ሁለተኛ ላይ ጀስቲን ቨርላንደርን ከኮሌጅ አነሳ። ቨርላንደር ሦስት የሳይ ያንግ አለው። ፓድሬስ ርካሽ ነው ብሎ የገዛው ምን ያህል እንዳስወጣው አስሉት።

ከሁሉ በላይ ኮሌጅን ያጠበቀው ኦክላንድ ነው። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጁ ቢሊ ቢን ራሱ በ1980 ከሃይስኩል በመጀመሪያው ዙር ተመርጦ ስታንፎርድን ትቶ የፈረመ ሰው ነው። ተጫዋችነቱ አልሠራለትም፣ የመታው አማካይ 0.219 ነው፣ ደካማ ነው። በ2002 ኦክላንድ ሰባት ቀዳሚ ምርጫዎች ነበሩት፣ ሰባቱንም ከኮሌጅ ወሰደ። ኒክ ስዊሸር፣ ጆ ብላንተንና ማርክ ቲየን ጥሩ ወጡ። ሌሎቹ ብዙም አልተሰማላቸው። እሺ። ግን በዚያው ዓመት በመጀመሪያው ዙር ከሃይስኩል የተመረጡት እነማን ነበሩ? ዛክ ግሬንኪ፣ ፕሪንስ ፊልደር፣ ኮል ሃምልስ፣ ማት ኬይን። ግሬንኪ በ2009 የሳይ ያንግ፣ ሃምልስ በ2008 የፍጻሜው ኮከብ፣ ፊልደር በ2007 50 ሆምረን፣ ኬይን በ2012 እንከን የለሽ ጨዋታ። ሁሉም የሃይስኩል ልጅ ነው!

እና ምን ተማርን? ሁሉም ክለብ ኮሌጅ ኮሌጅ ሲል የሃይስኩሉ ዋጋ ይወርዳል። ዋጋው ሲወርድ ብልጡ ይገዛል። ሁሉም ወደ ሃይስኩል ሲሮጥ ደግሞ ተገላቢጦሽ። እንደ ገበያ ነው፤ ሽንኩርት ሲወደድ ሁሉም ሽንኩርት ይዘራል፣ በዓመቱ ሽንኩርት መንገድ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ «የቱ ይሻላል» የሚለው ጥያቄ «በስንት ብር» የሚለውን ካልጨመረ ትርጉም የለውም።

ወደ ብሩ እንግባ፣ ጣፋጩ እዚህ ነው።

ከ2012 ወዲህ እያንዳንዱ የምርጫ ቁጥር የተተመነ ዋጋ አለው። ለምሳሌ በ2025 የአንደኛው ቦታ ትመና 11,075,900 ዶላር ነበር። የአንድ ክለብ የመጀመሪያዎቹ አስር ዙሮች ትመና ሲደመር የክለቡ ማሰሮ ይባል። ከማሰሮው ውስጥ ለማን ስንት እንደሚሰጥ ክለቡ ነው የሚያውቀው። ከጠቅላላው ግን ከ5 በመቶ በላይ ካለፈ ከቅጣቱ ሌላ የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣል። ያንን መስመር ያለፈ ክለብ እስካሁን የለም፣ ሁሉም ጫፉ ድረስ ሄዶ ይቆማል።

ይህ ማለት ከአንዱ ቀንሰህ ለሌላው መስጠት ይቻላል። በ2012 ሂዩስተን አስትሮስ ያደረገውን እዩ። አንደኛ ምርጫ ነበረው፣ ትመናው 7.2 ሚሊዮን። ከፖርቶ ሪኮ የ17 ዓመቱን ካርሎስ ኮሬያን መርጦ በ4.8 ሚሊዮን አስፈረመው። ልጁ አንደኛ መባሉም ብሩም ተስማማው። 2.4 ሚሊዮን ተረፈ። በተረፈው ላንስ መከለርስ የሚባል የፍሎሪዳ የሃይስኩል ወርዋሪን 41ኛ ላይ ወስዶ 2.5 ሚሊዮን ከፈለው። ይህ ልጅ ወደዚያ የወረደው ችሎታ ስለጎደለው አይደለም። ብዙ ካልከፈላችሁኝ ኮሌጅ እገባለሁ ብሎ ስለነበረ ሌሎቹ ፈርተውት ነው። በአራተኛው ዙር ላይ ደግሞ ሪዮ ሩዊዝን በ1.85 ሚሊዮን። ኮሬያ በ2015 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። በ2017 አስትሮስ ዋንጫውን ሲያነሳ የመጨረሻውን ሰባተኛ ጨዋታ የጀመረው ወርዋሪ መከለርስ ነበር። (ያ ዋንጫ በኋላ በስለላ ቅሌት ተበላሽቷል፣ አውቃለሁ፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

አሁን ካርዷን አያችኋት? «ኮሌጅ እገባለሁ» ያለው የሃይስኩል ልጅ ከትመናው በላይ ያገኛል። የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ልጅም ትንሽ ካርድ አለው፣ አንድ ዓመት ይቀረዋል። አራተኛ ዓመቱን የጨረሰው ግን ባዶ እጁን ነው። ወይ ይፈርማል፣ ወይ ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ ክለቦች በስምንተኛ፣ በዘጠነኛ ዙር ላይ ተመራቂ ልጅ ይጠሩና በጥቂት ሺህ ዶላር ያስፈርሙታል። ትመናው 200 ሺህ ቢሆን ቀሪው የሃይስኩሉ ልጅ ኪስ ይገባል። የተመረቀው ልጅ ሊሻል ሁሉ ይችላል። የተከፈለው ግን በችሎታው አይደለም፣ እምቢ ማለት ባለመቻሉ ነው። እኔ በዚህ ድራፍት ውስጥ የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ ትምህርቱን የጨረሰው ነው የሚቀጣው።

ለዚህም ነው ከድራፍቱ በፊት መልማዩ እየደወለ «ቁጥርህ ስንት ነው?» የሚለው። ቁጥሩ ማለት ልጁ ኮሌጁን የሚተውበት ዋጋ ነው። ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ወኪል ይመጣል፣ ወኪል ግን አይባልም፣ «አማካሪ» ነው የሚባለው። ቁጥሩን በጣም ካበዛህ ሁሉም ይተውሃል፣ ካሳነስክ ራስህን ሸጥክ።

አሁን ወደ ብሬዲ ኤይከን። 2014፣ አሁንም አስትሮስ፣ አንደኛ ምርጫ፣ ግራኝ ወርዋሪ፣ ሳንዲዬጎ። ትመናው 7.9 ሚሊዮን ነው፣ በ6.5 ሚሊዮን ተስማሙ። ከዚያ የሕክምና ምርመራው መጣ። ክለቡ ክርኑ ውስጥ ያለችው ጅማት አላማረችንም አለና ዋጋውን ቀነሰ። የልጁ ወገን ተቆጣ፣ ቀኑ አለፈ፣ ሳይፈራረሙ ቀሩ። ግን አንድ ሰው ብቻ አይደለም የተጎዳው። ተመራጭ ካልፈረመ የሱ ትመና ከማሰሮው ይወጣል። ጄኮብ ኒክስ የሚባል ሌላ የሃይስኩል ወርዋሪ ከአስትሮስ ጋር በ1.5 ሚሊዮን ተስማምቶ ነበር። ያ ብር የሚመጣው ከኤይከን ትራፊ ነበር። ኤይከን ሲሄድ ብሩም ሄደ። ልጁ ምንም ሳያጠፋ ስምምነቱ ፈረሰበት።

ኤይከን በመጋቢት 2015 ክርኑ ተቀደደ፣ ያቺው ጅማት። ክሊቭላንድ 17ኛ ላይ መረጠውና 2.5 ሚሊዮን ገደማ ከፈለው። ዋናው ሊግ አልደረሰም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ ይሆናል፣ እኔ ግን ልጁ ላይ አልፈርድም፤ የ17 ዓመት ልጅ ነው፣ አዋቂዎቹ ናቸው የተጨቃጨቁት። ኒክስ በ2018 ለፓድሬስ ወርውሮ ዋናውን ሊግ አየ። አስትሮስ ደግሞ ምን አጣ? ምንም። የመጀመሪያ ዙር ተመራጭ ካልፈረመ ክለቡ በዓመቱ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ምርጫ ይካሳል። በ2015 ሁለተኛ ላይ የኤልኤስዩን አሌክስ ብሬግማን ወሰዱ። ብሬግማን ሁለት ዋንጫ አነሳላቸው። ክለቡ ሲሳሳት ካሳ አለው፣ ልጁ ሲሳሳት የለውም።

ካርዱ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ደግሞ አይደለም። ማርክ አፔል ስታንፎርድ እያለ በ2012 ስምንተኛ ተመርጦ 3.8 ሚሊዮን ቀረበለት። እምቢ አለ፣ ተመለሰ፣ ተማረ። በ2013 አንደኛ ተመረጠ፣ 6.35 ሚሊዮን። በብር ደረጃ አሸነፈ። ሜዳ ላይ ግን አልሆነለትም፣ በ2018 ተወው። ከዚያ እንደገና ተመለሰ፣ በሰኔ 2022 በ30 ዓመቱ ለፊላደልፊያ የመጀመሪያውን ጨዋታ ወረወረ። እሱ ሲመረጥ ሁለተኛ ላይ የተጠራው ክሪስ ብራያንት በ2016 የሊጉ ኮከብ ሆኖ ነበር። ሁለቱም የኮሌጅ ልጆች ናቸው። ያለቀ ቤትም ቧንቧው ይፈነዳል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ጊዜ። ዋናው ሊግ የደረሰ ተጫዋች ነጻ ሆኖ በፈለገው ዋጋ ለመፈረም ስድስት ዓመት ማገልገል አለበት። ማኒ ማቻዶ በ2010 ከማያሚ ሃይስኩል ሦስተኛ ተመርጦ በ20 ዓመቱ ደረሰ፣ በ26 ዓመቱ ነጻ ወጣና 300 ሚሊዮን ፈረመ። አሮን ጀጅን በዚያው በ2010 ኦክላንድ በ31ኛው ዙር ጠርቶት ነበር። ፍሬዝኖ ስቴት ገባ፣ በ2013 ያንኪስ 32ኛ ላይ ወሰደው፣ ዋናው ሊግ የደረሰው በ24 ዓመቱ ነው። ነጻ የወጣው 30 ዓመቱ ላይ። ጀጅ በአንድ ዓመት 62 ሆምረን የመታ ሰው ስለሆነ 360 ሚሊዮን አገኘ። ከሱ ትንሽ ዝቅ የሚል ተጫዋች በ30 ዓመቱ ነጻ ቢወጣ ግን ክለቡ «አርጅተሃል» ይለዋል። ስለዚህ ኮሌጅ ነጻ አይደለም፣ በዕድሜ ነው የሚከፈለው።

በሌላ በኩል ታችኛው ሊግ ሥራው ከባድ ነው። ረጅም አውቶቡስ፣ ትንሽ ከተማ፣ ከቤት ርቆ የ18 ዓመት ልጅ። ደመወዙ እስከ 2023 አሳፋሪ ነበር። በዚያ ዓመት ተጫዋቾቹ በማኅበር ተደራድረው ዝቅተኛው ነጠላ ኤ ከ11,000 ወደ 26,200 ዶላር፣ ከዋናው ሊግ ቀጥሎ ያለው ሦስት ኤ ወደ 35,800 ዶላር በዓመት ከፍ አለ። አሁንም ሀብት አይደለም። 3 ሚሊዮን የፊርማ የወሰደ ልጅ ግድ የለውም። 100 ሺህ የወሰደው ግን ታክሱንና የአማካሪውን ሲከፍል የሚቀረው ብዙም አይደለም።

ኮሌጁም ተለውጧል። ለዓመታት አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለቤዝቦል ቡድኑ በሙሉ የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ነው፣ እሱን ለሃያ ምናምን ልጆች ቆራርጦ ማከፋፈል። ስለዚህ «ነጻ ትምህርት» ሲባል ብዙ ጊዜ ግማሽ ነጻ ነበር፣ ቀሪውን ወላጅ ይከፍላል። ከ2021 ወዲህ ተማሪዎች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ በአዲሱ ስምምነት የገቡ ዩኒቨርሲቲዎች የ11.7 ገደቡ ተነስቶላቸው እስከ 34 ተጫዋች ድረስ መያዝና ለሁሉም ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላሉ። ይህ ማለት «ኮሌጅ እገባለሁ» የምትለው ቃል ዛሬ ከትናንት ውድ ሆናለች።

እንግዲህ ልጁ ቤዝቦል የሚጫወት ሐበሻ ወላጅ ካነበበኝ አንድ ነገር ልንገረው። የፈረመ ልጅ ለኮሌጅ ቡድን መጫወት አይችልም፣ መማር ግን አይከለከልም። ሲፈርም ውሉ ላይ ክለቡ የወደፊት ትምህርቱን እንዲከፍል የሚያስገድድ አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። ስንት ሴሚስተር፣ በሴሚስተር ስንት ብር፣ ሁሉም በድርድር ነው፣ ፊርማው ከደረቀ በኋላ ግን የሚጨመር ነገር የለም። ቀነ ገደብም አለው። ልጁ ጨዋታውን ባቆመ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ካልጀመረ ይቃጠላል። በየዓመቱ በመስከረም፣ ከታችኛው ሊግ የተሰናበቱ የ25 እና የ26 ዓመት ወጣቶች ቦርሳ ይዘው ከ18 ዓመት ልጆች ጋር አንደኛ ዓመት ክፍል ይገባሉ። አንቀጹ ውላቸው ላይ ካለ ሒሳቡን የሚከፍለው ክለብ ነው።